አሥራ ሁለቱ የእትዬ የሺ ስልኮች

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ዳዊት፣ የድርጅታችን ባለቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ከአንድ የመጋዘን ኃላፊ ጋር በስልክ ያወራል። ሄለን፣ ፕሮግራሙን የምትጽፈው፣ ጫማዋን አውልቃ ወንበሯ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ገመቹ፣ ከሾፌሮች ጋር የሚያገናኘን፣ ገና መግባቱ ስለሆነ ጃኬቱን አላወለቀም። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ያሬድ እባላለሁ፣ ሥራዬ ፕሮግራሙን መሞከር ነው። አምስተኛው ወንበር ባዶ ነበር። መደገፊያው ላይ አረንጓዴ ሹራብ ከሦስት ሳምንት በፊት እንደተሰቀለ አለ።

የጠራው የገመቹ ስልክ ነው። «አቤት ትዕግሥት» አለ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሲዘጋው «እትዬ የሺ ንጋት ላይ አርፈዋል» አለን። ትዕግሥት ልጃቸው ናት። ዳዊት መስመር ላይ ያለውን ሰውዬ ሳይሰናበት ዘጋበት። ሄለን ጫማዋን መፈለግ ጀመረች፤ አንዱ እግር ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ኖሮ ቶሎ አላገኘችውም።

«ለብዙ ጊዜ» ብዬ የጻፍኩትን እትዬ የሺ ቢያዩት ይመልሱልኝ ነበር። በሥራችን መጀመሪያ ሰሞን «አፑ አንዳንዴ ይቆማል» ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸውና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንዳንዴ ማለት ስንት ጊዜ ነው?» አሉ። አላውቅም ነበር። «እንግዲያው አላየኸውም» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ። ስለዚህ ላስተካክል፦ ገመቹ ዝም ያለው አንድ ደቂቃ ግድም ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት አምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ሃያ ስድስቱን ዓመት አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ላይ ሠርተዋል። ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ ቆሞ ማየት ነበር ሥራቸው። የተበጠሰ ድር፣ የተዘለለ ማግ ወይም የዘይት ጠብታ ሲያዩ ጨርቁን ያስቆሙና ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ያስሩበታል። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጡ። ከዚያ በኋላ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከሚኖሩበት ብሎክ ሥር፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሲም ካርድና የሞባይል ካርድ ይሸጡ ጀመር። ካርድ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን አብሮ ይሰጣቸዋል። «እትዬ፣ ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው?» ፊደሉ ያነሰበት፣ ፎቶ የሞላበት፣ ድምፁ የጠፋበት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይቆማል። ዳዊትም እዚያው ብሎክ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ተራውን ሲጠብቅ፣ የሰው ስልክ እንዴት እንደሚያገላብጡ አየና «አንድ ሳምንት መጥተው ሥራችንን ይዩልን» አላቸው። ስምንት ወር ቆዩ።

ሥራችን ይኼ ነው፦ ቃሊቲ ውስጥ ከመጋዘኖቹ ዕቃ የሚጭኑ ሾፌሮች ተራ ለመያዝ መንገድ ዳር ያድሩ ነበር። እኛ የሠራነው አፕ ተራውን በስልክ ይሰጣል። ተራው የደረሰ ሾፌር በአንድ ሰዓት ውስጥ በሩ ላይ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ተራው ለቀጣዩ ይሰጣል፤ እሱ ወደ ጭራ ይመለሳል። ጭራ ማለት ሁለት ቀን ነው፣ ሲበዛ ሦስት።

ቢሯችን ከጎማ መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ተሳቢ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም ዓይነት ስልክ ገዝቶ መሞከር ስለማይቻል ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም እንጠቀማለን። ኮምፒውተር ውስጥ ስልክ ይፈጥራል። የስክሪኑን ስፋት፣ የሚሞሪውን መጠን፣ የሲስተሙን ዕድሜ ትመርጥለታለህ፤ ስልኩ ይከፈታል፤ በማውስ ትነካዋለህ። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። እያነበብኩ፣ ሲበላሽብኝ እያፈረስኩ ነው የለመድኩት። እትዬ የሺ ሲመጡ ስድስት ስልኮች አዘጋጅቼ ነበር፤ ስማቸው ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ነው። ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም ፈጣን። ኮራሁባቸው።

እትዬ የሺ ከኋላዬ ቆመው አዩ።

«ይኼ የማን ስልክ ነው?»

«የማንም አይደለም እትዬ። መሞከሪያ ነው።»

«ባለቤት የለውም?»

«የለውም።»

«ባለቤት በሌለው ስልክ ላይ ቢሠራ ታዲያ ምን ይደንቃል? ስልክን ስልክ የሚያደርገው ባለቤቱ አይደል እንዴ፣ እሱ አይደል የሚያበላሸው?»

ሄለን ሳቀች። እኔ ትንሽ ከፋኝና ኪሴ ውስጥ ያለውን የራሴን ስልክ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ «ይኸው፣ ባለቤት ያለው ስልክም እንዲህ ነው» ለማለት። ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ገለበጡት።

«ያንተም ግድፈት አለበት» አሉ።

«ምን?»

«ማሽኑ ላይ የቆመ ሰው የራሱን ግድፈት አያይም። እኛን የቀጠሩንም ለዚህ ነበር።» ስልኬን መለሱልኝ። ምን እንዳዩበት አልነገሩኝም።

በዚያ ሳምንት ስድስቱን ቁጥሮች አጥፍተን ስም መስጠት ጀመርን። እሳቸው ስምና ጠባይ ይነግሩኛል፣ እኔ እሠራለሁ። «መምህር ግርማ፦ ዓይናቸው ደክሟል፣ ፊደሉን እስከ መጨረሻ አተልቀውታል።» ፊደሉን ሳተልቀው የአፑ «አለሁ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ወጣ፤ መምህር ግርማ ሾፌር ቢሆኑ መገኘታቸውን ሳያስታውቁ ተራቸው ያልፍ ነበር። «ቶላ፦ የእህቱን ሠርግ ሙሉውን ቀርጾ ቦታ የለውም።» ሲሞላበት አፑ መልእክት መቀበል አቆመ። ቶላ የገመቹ አጎት ነው፤ ገመቹ ይህን ሲሰማ «ሠርጉ ካለፈ እኮ ስንት ጊዜው! አጥፋው ብለው እምቢ አለ» ብሎ ምሎ ነገረን።

እያንዳንዱ ስልክ ጠንካራ ሽፋን ባለው የእትዬ የሺ መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ነበረው። ግድፈት ሲገኝ የገጹን ጠርዝ በመርፌ ወግተው ቀይ ክር ያስራሉ። ሄለን ካስተካከለችና እሳቸው ደግመው ካዩ በኋላ ክሩን በጥርሳቸው ይበጥሱታል። ሄለን ጠዋት ስትገባ ከሰላምታ በፊት «ዛሬ ስንት ክር አለብኝ?» ትላለች።

አንድ ጊዜ የተሳሳተ ፊደል አየሁና ለሄለን ሳልነግራት ራሴ አስተካከልኩት። ተቆጡ። «አንተ ከጠገንከው እሷ ነገ ትደግመዋለች። እኛ አንጠግንም። እናስራለን።»

የአየለ ስልክ የተጨመረው በሦስተኛው ወር ነው። አየለ የእሳቸው ብሎክ ነዋሪ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የስልኩን ሰዓት በእጁ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል፤ ስልኩ የፈረንጅ ሰዓት ከሚነግረው እሱ የሚያውቀውን ሰዓት እንዲነግረው። እንደዚያ ያለ ስልክ ሠራንና ተራው አራት ሰዓት ላይ እንደሆነ አድርገን ሞከርን። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን አፑ ለአየለ «ስድስት ሰዓት ይቀርዎታል» አለው። አየለ ይህን አምኖ ቤቱ ቢተኛ ተራውን ያጣል።

ከእሱ ቀጥሎ ወይንሸት መጣች፤ ሁለት መኪና ያላት ሴት ናት። እሷ ሰዓቱን አልነካችም፤ አገሩን ነው የቀየረችው። ብራዚል ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ወይንሸት ገላን ተቀምጣ ስልኳ ብራዚል ይኖራል። አፑ ራሱ ወደ ሐበሻ ሰዓት ለመለወጥ ስድስት ሰዓት ስለሚቀንስ፣ በእሷ ስልክ ላይ ስድስቱ ሰዓት ሁለት ጊዜ ይቀነስና የጠዋቱ አራት ሰዓት አሥር ሰዓት ሆኖ ይወጣል።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ዳዊት ሰኞ እንጀምራለን ብሎ ለመጋዘኑ ቃል ሰጥቷል። እትዬ የሺ ሁለት ክር አስረው መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እትዬ፣ ሰዓቱን ያበላሹት እርስዎ ነዎት» አለች ሄለን። «ሰዓቱ ከተበላሸ ምን ዓይነት ፕሮግራም ይሠራል?»

«እኔ አላበላሸሁም። አየለ እንዲህ ነው የሚይዘው።»

«አንድ ሰው እኮ ነው!»

«አንድ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እርስዎስ ብዙ መሆኑን በምን አወቁ?»

«እኔም አላወቅሁም። ተነሺ። አንተም ተነሣ።»

ወረድን። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። የመኪኖቹ ሰልፍ ከመጋዘኑ በር ጀምሮ እስከ ማዞሪያው ድረስ ቆሟል። እትዬ የሺ የመጀመሪያው መኪና በር ሥር ቆሙ።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ማዘር፣ ሾፌር ሰዓት ይጠየቃል? እኛ ቀኑም ጠፍቶብናል» አለና ስልኩን በመስኮት አወጣላቸው። ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ሄለን የራሷን ስልክ አየች፤ ሦስት ከሃያ።

«ስልክህ ተሳስቷል እኮ» አለችው። «ሦስት ሰዓት ነው ማለት ያለበት።»

«እንዴ! በዚህ ፀሐይ ሦስት ሰዓት? እህቴ፣ የኔ ልክ ነው። ያንቺ ነው ፈረንጅ የሆነው።»

ከኋላው ያለው ሾፌር አንገቱን አወጣ። «ተዋት፣ የአሜሪካ ፕሮሰስ ላይ ናት!»

ሳቁ። ሄለንም ሳቀች፣ ሳትወድ። ዘጠኝ ሾፌሮች ጠየቅን። ሦስቱ ሰዓቱን በእጃቸው መልሰውታል። አንዱ አገሩን ቀይሯል፤ የቀየረለት የወንድሙ ልጅ ስለሆነ የትኛው አገር እንደሆነ አያውቅም። እትዬ የሺ እየቆጠሩ ሄዱ። ስንመለስ ደረጃው ላይ ሄለን ናት የተናገረችው። «ሰዓቱን ከስልኩ መውሰድ የለብኝም። ከሰርቨር ነው የምወስደው። ሁለት ሳምንት ስጡኝ።»

ዳዊት ለመጋዘኑ ደወለ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፣ ግን ደወለ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እትዬ የሺ ሁለቱን ክሮች በጥርሳቸው በጠሱ።

ከዚያ በኋላ ስልኮቹ አሥራ ሁለት ደረሱ። እትዬ የሺ ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሁላችንም በፊት ይገባሉ። እኔ ሦስት ሰዓት ስደርስ ስልኮቹ ተከፍተው ይጠብቁኛል። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ጠይቄ አላውቅም።

ሲታመሙ ጠዋት ስልኮቹን የመክፈቱ ሥራ ወደ እኔ መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሄለን ተራው ሲቃረብ የሚጮህ ደወል ጨመረች። አሥራ ሁለቱም ስልኮች በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ።

«ዜሮ ክር!» አለች ሄለን እጇን አንሥታ። «እትዬ ይስሙልኝ!»

እንደዚያ ያለ ውጤት አይተን አናውቅም ነበር። መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። አዲሱ አፕ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ለገመቹ አንድ ሾፌር ደወለ። ገመቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሰማን። የደወለው አየለ ነው፤ እውነተኛው አየለ። አዲሱ ደወል ሰዓቱን የወሰደው ከስልኩ ስለነበር ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው የጮኸለት። ተራው አልፏል።

«የሺን ምን አድርጋችኋት ነው?» አለ። አልተቆጣም፤ የምር ነበር የሚጠይቀው። «ስልኬን ማን ነው አሁን የሚያይልኝ?»

ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አየለን ከፈትኩት። ሰዓቱ ትክክል ነበር። ኢሙሌተር ተዘግቶ እንደ አዲስ ሲነሣ ሰዓቱን ከኮምፒውተሩ ይወስዳል። የቶላን ከፈትኩ፤ ግማሹ ባዶ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ራሱን እንዲያጸዳ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። ኔትወርኩ ደካማ መሆን የነበረበት ስልክም እንደ ልቡ ይሮጣል። እትዬ የሺ ጠዋት ጠዋት በእጃቸው የሚያደርጉት ይህን ኖሯል። ስምንት ወር ሙሉ።

ቅዳሜ መዝገቡን ይዤ ገላን ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። ትዕግሥት ከፈተችልኝ። እትዬ የሺ ትራስ ተደግፈው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፤ መነጽራቸው በገመዱ አንገታቸው ላይ ነው። ከስተዋል።

«አየለ አለፈ» አልኳቸው።

«በስንት ሰዓት?»

«በትክክለኛው ሰዓት። ለዚያ ነው ያለፈው። እውነተኛው አየለ ግን ተራውን አጣ።»

ወዲያው ገባቸው። «እሱ ማታ ዘግቼው ስሄድ ይድናል። ጠዋት መልሼ አሳምመዋለሁ።» ሳቁና ሳቁ ሳል አመጣባቸው። ሳሉ ሲያበቃ «መዝገቡ ላይ አለ እኮ» አሉ።

«የለም እትዬ። ሁሉንም ገጽ አይቻለሁ።»

መዝገቡን ተቀበሉኝ። የአየለን ገጽ ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ «ትዕግሥት፣ መርፌና ቀይ ክር ስጪኝ» አሉ። ትዕግሥት እኔን አየችኝ። አመጣችላቸው። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እኔ ሰካሁላቸው፤ ቋጠሮውን ግን ራሳቸው አሰሩ።

«ይኼ የኔ ነው» አሉ። «እጄ ስላወቀው የጻፍኩት መስሎኝ።»

ከዚያ አንድ በአንድ መንገር ጀመሩ፤ እኔ ጻፍኩ። አየለ፣ ወይንሸት፣ መምህር ግርማ፣ ቶላ። ሌሎች ሦስት። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። «ማክሰኞ ና» አሉኝ። ማክሰኞ ስሄድ ሆስፒታል ገብተዋል። ሐሙስ የሆነውን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ አየለ አጠገቤ ተቀመጠ። ሲነሣ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየና፣ ቀና ብሎ «እንዳትነካብኝ» አለኝ። የገባኝ ሰዓቱን እንዲያስተካክል ልነግረው የመጣሁ እንደመሰለው ነው። «አልነካም» አልኩት።

አሁን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የምገባው እኔ ነኝ። ሰባቱን አሳምማቸዋለሁ። አምስቱ ግን አሁንም ጤነኛ እንደሆኑ ናቸው፤ ጤነኛ ስልክ የሚያልፈው ነገር ሌላ አየለን ጭራ ሊያስይዘው ይችላል። እሳቸው የጻፉትን እዚህ አሰፍረዋለሁ፤ አብራችሁኝ የነበራችሁ የምታውቁትን ጨምሩበት።

የብሎኩ ዘበኛ። ገጹ «የላይኛው ቀኝ ጥግ ተሰንጥቋል» ይላል። ኢሙሌተር አይሰነጠቅም። ኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ግን በዚያ ጥግ በኩል የፕላስተር ሙጫ አገኘሁ። ገመቹ፣ አንተ ከእኔ ቀድመህ የገባህባቸው ቀኖች አሉ። ሲለጥፉ አይተሃል? ምን ያህል ስፋት ነበረው?

ፋጡማ። «ሕፃን ታዝላለች» ብቻ ነው የሚለው። በአንድ እጅ ብቻ የምትነካ መስሎኛል። ግራ ይሁን ቀኝ አላወቅሁም።

ባሻ። «ሁለት ሲም።» መልእክቱ ይመጣ የነበረው በየትኛው ነው? ዳዊት፣ ባሻ ጎረቤትህ ናቸው።

የትዕግሥት የድሮ ስልክ። ትዕግሥት፣ ስልኩ አሁንም ቤት ውስጥ ካለ አትጣይው። አትክፈቺውም፤ እንዳለ ይቆይ። እኔ መጥቼ አየዋለሁ።

አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ያሬድ» ይላል። ከስሙ ሥር ምንም የለም። ሄለን መዝገቡን ስታገላብጥ እዚያ ገጽ ላይ ደርሳ ሳቀች፤ ስጠይቃት «እውነት አታውቀውም? የሚደውልልህ ሰው ሁሉ እኮ ያውቀዋል» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስልኬን በቀን ብዙ ጊዜ አየዋለሁ፤ ትናንት ሆን ብዬ ስቆጥር አርባ ሦስት ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ምንም አላገኘሁበትም።

እትዬ የሺ በገዛ እጃቸው ያሰሩት ክር መዝገቡ ላይ አለ። ሁሉም እስኪጻፍ አልበጥሰውም። ስለዚህ ሄለንም፣ ገመቹም፣ ዳዊትም፣ ደውሎልኝ የሚያውቅ ሰው ሁሉ፣ የኔ ስልክ ግድፈቱ ምን እንደሆነ ጻፉልኝ። «አንዳንዴ» አትበሉ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ንገሩኝ።